ፈረሱም ይኸው፣ ልባቡም ይኸው

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ያለው ሰው መቼም ጌታ ሳይሆን አይቀርም። ፈረሱን ያገኘው ኮርቻ ተጭኖ፣ ልጓም ገብቶለት፣ በር ላይ ቆሞ ነው። ያንን ፈረስ ለማሰናዳት ሎሌው በሌሊት ተነስቶ ጋጣው ውስጥ ምን ሲሆን እንዳነጋ አላየም። ቢያይማ ኖሮ ተረቱ ሌላ ይሆን ነበር።

ልብ ብላችሁት እንደሆነ፣ ስለ ፈረስ የምናወራው ሁሉ ከኮርቻ በላይ ስላለው ነው። ጀግኖቻችንን የምንጠራው በፈረሶቻቸው ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የኛው የወሎው ሚካኤል አባ ሻንቆ። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ያደረጉትን ሲነግሩን ነው ያደግነው። ከኮርቻ በታች ከነበረው ሰው ማዕረግ ያገኘው ባልደራሱ ብቻ ነው፤ እሱም የንጉሡ ፈረሶች አለቃ በመሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ይጠራበታል። ፈረሱን በጨለማ ልባብ ያጠለቀለት ልጅ ግን አባ ምንም ነው።

ልባብ ከልጓም ይለያል። ልጓም አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት አለው። ልባብ አፍንጫው ላይና ከጆሮዎቹ ኋላ የሚያርፍ ገመድ ወይም ጠፍር ነው፣ በቃ። ፈረስ የሚያዝበትና የሚመራበት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ልባቡ ካልገባ ልጓሙም፣ ኮርቻውም፣ ጋሪውም፣ አባ እገሌ መባሉም የለም። እኔ ይህንን ያወቅሁት በስተርጅና፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሐራ ላይ ነው።

ሐራ ከወልድያ መርሳ መንገድ ወደ ቆላው ዝቅ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የማሽላ አገር ናት፤ በገበያዋ ቀን ግመሉም አህያውም ይገባል። ሩቅ ያለ ሰው ስሟን የሚያውቀው ከባቡር ጋር ነው። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው መስመር ከአዋሽ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ሐራ ገበያ ላይ እንዲያርፍ ነበር የታቀደው። እኔ በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ እህቴን ልጠይቅ ስወርድ ሰው የሚጓዘው በባጃጅና በጋሪ ነበር። ባለ ጋሪው ደግሞ የእህቴ ልጅ ነው።

እሱም ቢሆን ባጃጅ ነበረው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደኛ ሲደርስ ባጃጇ ሄደች። እነሱም ሸሹ። ሲመለሱ የቆመ ግድግዳ አገኙ፤ አንዳንዱ ያንንም አላገኘም። ከዚያ በኋላ ልጁ የዕቁብ ጓደኞቹን ለምኖ የመጀመሪያውን ዕጣ ወሰደ። በእሱና በተበደራት ጋሪ አሠራ፣ ፈረስ ገዛ። ዕቁብ ቀድሞ የበላ ሰው ታውቁታላችሁ። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ በየሳምንቱ እንቅልፍ የለውም።

ፈረሱ ከዋድላ በኩል፣ ከደጋ የወረደ ዳማ ነው። የአገራችን ፈረስ አጭር ነው፤ አብዛኛው ትከሻው ላይ ሲለካ አንድ ሜትር ከሠላሳ ግድም ቢሆን ነው። ይሄኛው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንገቱን ሲያነሳ ከጣሪያችን ጠርዝ ይስተካከላል። እህቴ «ቀጭኔው» ትለዋለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ በናቱ ወገን ቁመት አልታደለም። እኔን ያየ ያውቀዋል።

እናላችሁ፣ በማግስቱ ማለዳ ከጓሮ ግርግር ሰምቼ ብወጣ ሁለቱ ተያይዘዋል። ልጁ ልባቡን ይዞ ይንጠራራል። ፈረሱ አንገቱን ወደ ሰማይ ያነሳል። ልጁ ጉቶ ላይ ይወጣል፣ ፈረሱ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ይላል። ልጁ ጉቶውን ያንከባልላል፣ ፈረሱ ይዞራል። አንድ የጎረቤት ጎረምሳ ከወዲያ በዱላ ያግዳል። ፈረሱ ያልባል፣ ልጁ ያልባል። ተሳፋሪ መንገድ ላይ እየጠበቀ ነው። በመጨረሻ ልጁ ዘሎ ጆሮውን ያዘና ጠመዘዘው። ፈረሱ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ወረደ፣ ልባቡ ገባ።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?» አልኩት።

«በየቀኑ ነው ጋሼ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ያቺን አያያዝ አውቃታለሁ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ ከጆሮው ሥር፣ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ጠምዘዝ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በ1992 ዓ.ም. እኔ መምህር ነበርኩ፣ እሱ ሰባተኛ ክፍል። አጎት ሆኜ ማስተማሬ ለሱ የባሰ ነበር፤ ለዘመድ ያደላል እንዳልባል እሱ ላይ እበረታለሁ። አንድ ቀን የሒሳብ የቤት ሥራ ደብተር ሰብስቡ አልኩ። የሱ የለም። ለምን እንደሌለ አልጠየቅሁም። በክፍሉ ልጆች ፊት ጆሮውን ይዤ ከወንበሩ አነሳሁት፣ በአርጩሜም ጨመርኩለት። እሱ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ያን ቀን የወጣ ዛሬ ነው የሚመጣው። ከዚያ በኋላ የግንበኛ ረዳት ሆነ፣ ሾፌር ሆነ፣ ባለ ባጃጅ ሆነ። ደብተር ይዞ ግን አልተመለሰም።

ያኔ ሁላችንም እንገርፍ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ጽፎ ነበር። አምስት ዓመት አልፎታል። እኔ አንብቤዋለሁ፤ የሥነ ዜጋ መምህር በቀረ ጊዜ ተክቼ አስተምሬዋለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጽፌ፣ አርጩሜውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ።

እህቴ አንድ ቀን ቃል አልተናገረችኝም። ልጁም ክፉ ፊት አላሳየኝም። ጋሼ ይለኛል፣ እጅ ያስታጥበኛል፣ ወንበር ይለቅልኛል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ግን እሱ የጀመረው ወሬ የለንም። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመልሳል።

በዚያ ሰሞን ነው ሽማግሌው የመጡት። የደጋ ሰው ናቸው፤ ሐራ የወረዱት ልጃቸው ጋ ሊጦሩ ነው። ሰፈሩ በፌዝ ባልደራስ ይላቸዋል። ግርግሩን በአጥር ሲሰሙ ሰንብተው አላስቻላቸውም መሰለኝ፣ አንድ ማለዳ ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ። የውሃ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ ለቀቅ አድርገው ልጄ።»

«ከለቀቅኩትማ በምን ልይዘው ነው አያ?»

«አሁንስ መቼ ያዝከው?»

ያን ቀን ሌላ ነገር አላደረጉም። ልባቡን ከልጁ ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ ወደ ፈረሱ አንገት ሳይሆን ወደ ትከሻው፣ በጎን፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ ሌላ ጉዳይ ያላቸው መስለው ሄዱ። ፈረሱ ጆሮውን ቀሰረ። ቆሙ። አንገቱን ወደሳቸው መለስ ሲያደርግ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ፤ እንደገና ተመለሱ። ሲደርሱም ነካ አድርገውት ሄዱ። ልጁ ሳቀ።

«ይሄ ምኑ ነው አያ? መሸሽ አይደል እንዴ?»

«ነው እንጂ። እኔ ቀድሜ ከሄድኩለት እሱ ለምን ይሄዳል?»

የፈረስ ዓይን በግራና በቀኝ ነው። ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ቅርብ ያለውን፣ ከአፍንጫው ሥር ያለውንና በቀጥታ ከኋላው የቆመውን ነው። እንግዲህ እኛ የምንዘረጋው እጅ ወዴት ነው የሚሄደው? ግንባሩ ላይ። ለሱ ያ እጅ ይጠፋበትና ድንገት ዓይኑ ሥር ብቅ ይላል። በዚያ ላይ በተፈጥሮው ለአውሬ ቀለብ የነበረ እንስሳ ነው፤ አንበሳው ዱሮ ቢጠፋም ፍርሃቱ አልጠፋም። ሽማግሌው ይህንን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያሉት፤ «ከጎን ነው የሚመጣው፣ ከላይ አይደለም።»

በሁለተኛው ቀን የፈረሱን ትከሻ ማከክ ጀመሩ። ጋማው የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ ፈረሶች እርስ በርሳቸው በጥርሳቸው የሚታከኩት እዚያ ነው። እዚያ ሲታከክ የፈረስ የልብ ምት እንደሚቀንስ በምርምር ታይቷል። ሽማግሌው ምርምሩን አላነበቡም፣ ፈረሱ ግን የታችኛው ከንፈሩ ተንጠለጠለ። እያከኩ እጃቸውን ወደ ደረቱ ሲያወርዱ ቆም አሉ።

«ይህችን አይተሃታል?»

የጋሪው ማሰሪያ የሚያርፍበት ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር የቡና ስኒ አፍ የምታህል ገጣባ አለች። ከጆሮው ኋላም የቆየ የገመድ ጠባሳ አለ፤ ያ ከኛ በፊት የነበረ ነው። ሽማግሌው ልጁን ቀና ብለው አላዩትም።

«ልባቡን አይደለም የጠላው። ልባቡ ከገባ ጋሪው እንደሚከተል ስለሚያውቅ ነው። አንተስ ብትሆን አንገትህን ትሰጥ ነበር?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። ቀስ ብሎ መቅረብ፣ ማከክ፣ መመለስ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አያስወጣም። ገጣባው ግን መዳን አለበት። እስኪድን ጋሪ የለም፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት። ልጁ ጉቶው ላይ ቁጭ አለ።

«ዕቁቡስ?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

የሦስቱን ሳምንት ዕቁብ እኔ እከፍላለሁ አልኩ። የጡረታ ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም ነበረኝ። ልጁ ወዲያው «አይሆንም ጋሼ» አለ። «ስለምን ተብሎ?» አለኝ ቀጥሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እያየኝ። መልሱ አንደበቴ ላይ ነበር፤ አልወጣም። «ለፈረሱ ነው» አልኩ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እህቴ ገንዘቡን ተቀበለችኝና ለዕቁቡ ዳኛ ልካ አደረሰች። ለፈረሱ ነው፤ እንዲሁ ተባለ።

ለአራት ቀን የመጣሁት ሰውዬ ወር ከረምኩ።

ጥር 23 ቀን ሰፈሩ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ አገው ፈረሰኞች ተወራ። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን በጌጥ አድምቀው የሚያሳዩት ትርኢት አገር ያውቀዋል። ጎረምሶቹ ስለ ግልቢያው ያወራሉ። ሽማግሌው ግን «የሚደንቀው ሩጫው አይደለም» አሉ። «ያን ሁሉ ጌጥ ሲያስሩበት ዝም ብሎ መቆሙ ነው እንጂ።» ማንም አልሰማቸውም። እኔ ሰማሁ።

ትምህርቱ ቀጠለ፤ የተማሪው ማንነት ነው እንጂ የተምታታብኝ። ልጁ አሁን ልባቡን ይዞ አይንጠራራም። ትከሻው ጋ ይቆምና ቀኝ እጁን በአንገቱ ላይ አሳልፎ ከጆሮዎቹ ኋላ ያሳርፋል፤ ዝንብ ያረፈች ያህል። አይጫንም። ፈረሱ ጣት ታህል ዝቅ ካለ እጁን ወዲያው ያነሳል። ዝቅ ካላለ ይጠብቃል። «ሽልማቱ ጨዉ አይደለም፣ እጅህ መነሳቱ ነው» ይላሉ ሽማግሌው። ጨውም ነበር፤ ከአሞሌ የተፈረፈረች ቁንጥር በመዳፍ ይሰጠዋል፣ ግን ከሥራው በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። በፊት የሚሰጥ ጨው ጉቦ ነው አሉ። (ይህንን ሲናገሩ የቀበሌ ጉዳይ የነበረበት አንድ ጎረቤታችን በጣም ሳቀ።)

ያልገመትኩት ነገር ቢኖር ማውለቁ ነው። እኛ ልባብ ማጥለቅ ነው ከባዱ ብለን እናስባለን። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ የፈጁት በማውለቁ ላይ ነው። ልጁ ፈትቶ ሊጥለው ሲል «ቆይ» ይሉታል፤ ፈረሱ አንገቱን ዝቅ እስኪያደርግ አይወልቅም፣ ሲወልቅም በዝግታ፣ ጆሮውን ሳይጎትት። ነገ እንዴት እንደሚቀበልህ የሚወሰነው ዛሬ እንዴት እንደተለያያችሁ ነው የሚል ነገር ተናገሩ። እኔ ያን ጊዜ ቦርሳ አንስቶ ከክፍል የሚወጣ ልጅ ነበር የሚታየኝ።

በኋላ አዲስ አበባ ስመለስ መጻሕፍት አገላብጬ ነበር። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ ሰው ተቆጥቶ ወደ ፈረስ አይቅረብ፣ ቁጣ የሚያስጸጽት ነገር ያሠራል የሚል ምክር አስፍሯል። የታላቁ እስክንድር ፈረስ የቡሴፋለስ ታሪክም አለ፤ ማንም ሊይዘው ያልቻለውን ፈረስ ልጁ እስክንድር ጥላውን እንደሚፈራ አይቶ ወደ ፀሐይ አዞረው ይባላል። መቼም ያን ያህል ዘመን ሰው ሲያውቀው የኖረውን ነገር እኔ መምህር ተብዬ አልደረስኩበትም። እስክንድር የቦታው ጌታ ነበርና ስሙ ቀረ። የሐራው ሽማግሌ ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ለፈረሱ ገለባ አፍስሶ ሲመለስ ፀጉሩ ላይ ብጣሽ ገለባ አየሁ። ላነሳለት እጄን ሰደድኩ። አንገቱን ሸሸ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ገለጠው፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። እጄ አየር ላይ ቀረች። ሽማግሌው አዩን። ወደ ፈረሱ ዞረው ያንኑ ነገር ደገሙት፤ «ከጎን ነው።»

ማታ ገጣባውን በለብታ የጨው ውሃ ሲያጥብ አጠገቡ ቆምኩ። ፊት ለፊቱ አይደለም፤ እኔም የፈረሱን ትከሻ እያከክሁ፣ ሁለታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ እያየን።

«ያን ቀን» አልኩ፣ «ሰባተኛ ክፍል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በለኝ።»

ማጠቡን አላቆመም። ጨርቁን ጨመቀ፣ እንደገና ነከረ። ረጅም ጊዜ ነው የቆየው። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ያልቻልኩትን አደረግሁ፤ ዝም አልኩ።

«ሠርቼው ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«የቤት ሥራውን። ደብተሩ ቤት ነበር። ጠዋት ዝናብ ስለነበር እንዳይበላሽ ብላ እማዬ ከቦርሳዬ አውጥታ አስቀምጣው ነበር። አሁንም አለ፤ ከሳጥኗ ውስጥ። ስንሸሽም ይዛው ሸሽታለች።»

እህቴ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ቃል እንዳልተነፈሰችኝ ያን ሌሊት ሳስብ አነጋሁ። ደብተሩን አሳዪኝ አላልኳትም። አሁንም አላልኳትም።

ገጣባው ሲጠግግ ልጁ የጋሪውን ማሰሪያ ፈትቶ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጨርቅ ለበጠው፣ ደረቱ ላይ የሚያርፍበትንም አሰፋው። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ማለዳ ሽማግሌው ጀሪካናቸው ላይ ነበሩ። ልጁ ልባቡን ከፍቶ ከፈረሱ አፍንጫ በታች ዝቅ አድርጎ ያዘው። ቀጭኔው ሰማዩን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ሽማግሌውንም አየ። ከዚያ ያን ረጅም አንገቱን አውርዶ አፍንጫውን ራሱ ከተተው። ልጁ በቀስታ ከጆሮው ኋላ አሰረው፣ ጨዉን ሰጠው፣ አንገቱን አከከለት። ከዚያ ያደረገው ነገር ግን ሥራ ለሚቸኩል ሰው አይጠበቅም፤ ጠብቆ፣ በዝግታ መልሶ አወለቀው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሞክሩት» አለኝ፣ ልባቡን እያቀበለኝ።

ተቀበልኩት። ትከሻው ጋ ቆምኩ። እንግዲህ የድሮ መምህር ነኝና እጄ ሳላውቀው ወደ ላይ ሄደች። ፈረሱ አንገቱን አነሳ።

«እጅዎን ዝቅ ያድርጉት ጋሼ። ቀስ ይበሉ፣ ይመጣል።»

ዝቅ አደረግሁት። ፈረሱ አልመጣም። መንገድ ላይ ተሳፋሪ ተጣራ፤ ልጁ መልስ አልሰጠም። እህቴ ከውስጥ ቡናው ፈላ ስትል ሰማኋት። ሦስታችንም ባለንበት ቆየን፣ እኔ ልባቡን ከአፍንጫው በታች ከፍቼ እንደያዝኩ።